የጉርድ ፎቶው ጠርዝ

ባለፈው ወር ጁባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መታወቂያ ሲዘጋጅልኝ፣ እንደ እኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ወጣት ሠራተኛ ፊቴን በኮምፒውተሩ ላይ አጉልቶ ካየ በኋላ በትሕትና ጠየቀኝ።

«ዶክተር፣ ትንሽ ላለስልስልዎት?»

«አትንካው።»

«ሁሉም ይወዱታል እኮ።»

«አውቃለሁ» አልሁት።

ትከሻውን ሰብቆ ካርዱን ወደ ማሸጊያው ማሽን አስገባ። ማሽኑ ጋለ። የጋለ ፕላስቲክ ከሙጫ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ያ ጣፋጭና የሚያቅለሸልሽ ሽታ ክፍሉን ሲሞላው፣ ሳልጠራው ካስተም ገበያ ውስጥ ወደነበረ አንድ ኮንቴይነር መለሰኝ። ትዝታን እንደ በረከት የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም፤ የመጣውን ነገር ግን በትክክል ማስቀመጥ እችላለሁ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴና እኔ ከኢትዮጵያ የተመለስነው በዚያው ዓመት ነው። «መመለስ» የሚለው ቃል ለእርሷ ይሠራ ይሆናል፤ እኔ ጁባን አይቻት የማላውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ነበርሁ። አማርኛዬ ከኑዌርኛዬ ይቀድም ነበር፤ የገበያውን ዓረብኛ ጭራሽ አልሰማም። ጀበል ኩጁር ከተባለው ተራራ ሥር አክስቴ ቤት ተጠጋን። ትምህርት ቤቱ አዲሱ የትምህርት ዘመን እስኪከፈት አልቀበልም ስላለኝ፣ የዝናቡን ወራት የምውልበት ቦታ አልነበረኝም። እናቴ በአንድ ክሊኒክ ታጸዳ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ካምፓላ ሄዳ ሁለት ዓመት አዋላጅነት እንድትማር ዕድል አግኝታለች፤ እኔን ለአክስቴ ትታ። ይህን የነገረችኝ ልብስ እያጠበች ነው። ቀና አላለችም።

እስከዚያው የምውልበት ስፍራ ሆኖ የተመረጠው የጋሽ ደምሰው ፎቶ ቤት ነበር።

ጋሽ ደምሰው ከአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ጋር በሾፌርነት መጥቶ፣ ድርጅቱ ሲሄድ የቀረ ኢትዮጵያዊ ነው። እናቴን ያወቃት የክሊኒኩን ሠራተኞች ሊያነሣ ሄዶ ሲሆን፣ በአማርኛ መነጋገራቸው እንደ ሥጋ ዝምድና ተቆጠረ። ፎቶ ቤቱ ግማሽ ጎኑ ሰማያዊ የተቀባ ኮንቴይነር ነበር፤ ከኋላው ጄኔሬተር ይጮኻል፤ ከፊቱ ከኡጋንዳ የመጡ የጭነት መኪኖች ጭቃውን እየፈተጉ ያራግፋሉ። ዝናብ ጣሪያው ላይ ሲወርድ የሰው ድምፅ ስለማይሰማ፣ ጋሽ ደምሰው ደንበኛውን አገጩን ይዞ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ያዞረው ነበር፤ ሐኪም በሽተኛን እንደሚያዞር።

ኮቱ አንድ ነበር። ጥቁር ሰማያዊ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ለማንም ልክ ያልሆነ፣ ከነጩ መጋረጃ ጎን በሚስማር የተሰቀለ። ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሁሉ ይለብሰዋል፤ የሞተር ሳይክል ነጂውም፣ ሰባኪውም፣ ሽንኩርት ቸርቻሪዋም። የእኔ ሥራ ከጀርባ መቆም ነው። የተንዘረፈፈውን ጨርቅ ወደ አከርካሪው ሰብስቤ በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ከፊት ሲታይ ኮቱ በልክ የተሰፋ ይመስላል። ከኋላ ሰውየው ገመድ ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ ነው። ከወገቡ በታችማ ቁምጣና ሰንደል ጫማ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ከወገብ በታች ስላለው አይጠይቅም።

«ከፊት ሚኒስትር፣ ከኋላ የታጠበ ልብስ» ይል ነበር ጋሽ ደምሰው። «ዓለምም እንዲሁ ናት፣ አንቺ ልጅ። በፊቷ ብቻ ነው የምትነሣው።»

ካሜራውን እንድነካ አይፈቅድልኝም። ከኮንቴይነሩ ማውጣትማ የማይታሰብ ነበር፤ መንገድ ላይ ያለፈቃድ ፎቶ ማንሣት ያሳስራል።

«ይህ ካሜራ ደፉን ካለፈ እርሱም አንቺም አትመለሱም» አለኝ በመጀመሪያው ቀን፤ እንደ ልማዱ አልቀለደም።

ክልከላውን በራሴ መንገድ ተረዳሁት። ከተማይቱ ገና እየተሠራች ስለሆነ፣ ልብሷን ሳትለብስ ሰው እንዲያያት አትፈልግም ብዬ አመንሁ። በየመንገዱ ወታደሮች የቆሙት፣ አንዲት ሴት ስትታጠብ በር ላይ እንደሚቆሙላት እህቶቿ ነው። ጁባ ለብሳ ስትጨርስ እኛንም ይጠሩናል፤ ኮቱንም ይዘን እንወጣለን። በዚህ እምነት ለሳምንታት በትዕግሥት ጠብቄአለሁ።

አባቴን የማውቀው በአንድ ፎቶ ነው። መራመድ ሳልጀምር ሞተ። አዲስ አበባ የተነሣው ጉርድ ፎቶ አክስቴ ቤት ከበሩ ትይዩ ተሰቅሎ ነበር፤ ኮት፣ ከረቫት፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ የለሰለሰ ግንባር። ያ ግንባር ጀበል ኩጁር እስክንመጣ አላሳሰበኝም። የሰፈሩ የኑዌር ሽማግሌዎች ግን ሁሉም ከጆሮ እስከ ጆሮ ግንባራቸውን የሚያቋርጡ ስድስት መስመሮች ነበሯቸው፤ ወንድ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ በስለት የሚቆረጡ። ያልተቆረጠ ሰው፣ ጸጉሩ ቢሸብትም፣ ልጅ ነው። የጎረቤት ልጆች ይህን ለማስረዳት አልዘገዩም።

«አባትሽ ልጅ ነው» አለችኝ አንዷ ፎቶውን በበሩ አጮልቃ አይታ። «ልጅ ደግሞ ልጅ ይወልዳል እንዴ?»

አመንኋት። አባቴ ወንድ ሳይሆን እንደ ሞተ፣ እናቴም በዚህ እንደምታፍር ደመደምሁ። ስለማታወራው አልጠየቅኋትም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ወደ ኮንቴይነሩ ገባ፤ ካላጎነበሰ አያስገባውም ነበር። የኮቱ እጅጌ ክርኑ ላይ ቀረ። ቆነጠጥሁት፤ ጋሽ ደምሰው አነሣው፤ ምስሉንም ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። ጋሽ ደምሰው አንድ መስተንግዶ ነበረው። ከማተሙ በፊት የደንበኛውን ፊት ያለሰልሳል፤ ብጉሩን፣ ላቡን፣ የምላጭ ቁስሉን። ማንም ሳይጠይቀው ያደርገዋል፤ ለእንግዳ ውኃ እንደሚቀርብ። ከጀርባው ቆሜ ሳይ ማውሱ በሽማግሌው ግንባር ላይ ሄደ። የላይኛው መስመር ጠፋ። ቀጥሎ ያለው ጠፋ። የመጨረሻው ሲጠፋ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የቀረው ግንባር የአባቴ ግንባር ነበር።

ሽማግሌው የታተመውን ተቀብሎ አየው። ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ መልሶ ፊቱን አየ።

«ዴ ማ አና» አለ በገበያው ዓረብኛ፤ ይህ እኔ አይደለሁም።

«እርሱ ራሱ ነው በይው» አለኝ ጋሽ ደምሰው። «ትንሽ አሳምሬው ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረና በኑዌርኛ ጠየቀኝ። «የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርሁት።

«እንግዲያው ለዚህ ሰው ንገሪው። ስለቱ ግንባሬ ላይ ሲሄድ ዓይኔን አላርገበገብሁም። አባቴ ቆሞ ያይ ነበር። ይህ ሰውዬ በአንዲት ጣቱ ልጅ አደረገኝ። የልጅ ልጆቼ ይህን አይተው ምን ይሉኛል? ታናሽ ወንድማችን?»

ቃል በቃል ተረጎምሁ። ጋሽ ደምሰው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ኧረ በስመ አብ! የአደጋ ጠባሳ መስሎኝ እኮ ነው። ይቅርታ በይልኝ፤ ባርኔጣ እንኳ ቢኖረኝ አወልቅለት ነበር።»

«ጠባሳ መስሎት ነው» አልሁ።

«ጠባሳማ ነው» አለ ሽማግሌው። «ግን ወድጄ የተቆረጥሁት ነው። አሁን መስመሬን ይመልስልኝ። ይህንንም ኮት አውልቁልኝ፤ የሞተ ሰው ልብስ ይሸታል።»

በራሱ ሸሚዝ ዳግመኛ ተነሣ። በፎቶው ላይ መስመሮቹን በጣቱ ቆጠራቸውና ኪሱ ከትቶት ወጣ።

ያን ምሽት እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

«እማ፣ አባቴ ግንባሩ ላይ መስመር ነበረው?»

«ስድስት። እንደ ማንኛውም ወንድ።»

«ፎቶው ላይ የለም።»

«ፎቶ አንሺው በብሩሽ አጠፋለት። ጥሩ ሰው ነበር። አዲስ አበባ ሥራ ሲፈልግ ግንባሩን እያዩ ይፈሩት ነበር።» ቢላዋዋ አልቆመችም። «አባትሽ ራሱ ነው አጥፋልኝ ያለው።»

ያልጠበቅሁት ይህን የመጨረሻውን ነው። አጥፊ ፈልጌ ነበር፤ ያገኘሁት ደንበኛ ሆነ። አባቴ እኔ በወጉ ሳላየው ሞተ፤ ከመሞቱ በፊት ደግሞ እንዳላየው አድርጎ ሄደ።

በማግሥቱ ወደ ካስተም ስሄድ ውሳኔዬ ተቆርጦ ነበር። እናቴ ከመሄዷ በፊት እርሷን የሚመስል አንድ ፎቶ ይኖረኛል። የማነሣውም እኔ ነኝ።

እንቅፋቱ ግልጽ ነበር። ጋሽ ደምሰው ያለው አንድ ሚሞሪ ካርድ ስለሆነ፣ ማታ ማታ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል፤ ወረቀት ላይ ያልወጣ ምስል ነገን አያይም። ወረቀቱ ደግሞ ለጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። በአንድ ወረቀት ስምንት ጉርድ ይደረደራል፤ በአንደኛው ጎን ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ጠርዝ ይተርፋል፤ ያ ተቆርጦ ካርቶን ውስጥ ይጣላል። ካርቶኑን የምደፋው እኔ ነበርሁ።

«ጋሽ ደምሰው፣ የሚጠፋውንና የማይጠፋውን እኔ ልንገርዎት» አልሁት። «የቱ ብጉር፣ የቱ ምልክት እንደሆነ አያውቁትም። ሌላ ሽማግሌ ቢመጣ እንደ ትናንቱ አይታገሥዎትም።»

«እና በምላሹ ምን ይሁንልሽ፣ የኔ እመቤት?»

«ጠርዙ።»

«የምኑ ጠርዝ?»

«የወረቀቱ። የሚጥሉት። እዚያ ላይ እኔ ያነሣሁትን ያትሙልኝ።»

ሳቀ። «ሁለት ጣት ቦታ ላይ ምን ሊገባ? መርፌ ልታነሺ ነው?»

«እርሱን ለእኔ ይተዉት።»

ሳቁን አቆመ። «ደፉን አታልፊም።»

«አላልፍም።»

«በይ እንግዲህ፤ ጠርዙ ያንቺ ነው። ቃሌ ነው።»

የመጀመሪያዎቹ ምንም አልነበሩም፤ የተንቀጠቀጠ ግራጫ ነገር። ከዚያ ትንፋሼን መያዝ ተማርሁ። የእኛ ጥቁር ፊት በነጭ መጋረጃ ፊት ለካሜራው ጥላ እንደሚሆንበት፣ ወደ በሩ ሲዞር ግን ቅንድብ በቅንድብ እንደሚገለጥ ደረስሁበት። ጠባብ ቦታ ምን ይችላል? አንድ አከርካሪ ከነመቆንጠጫዎቹ ይችላል። ከኮት እጅጌ የወጣ፣ ሲሚንቶ የበላው እጅ ይችላል። ተራ የምትጠብቅ ሴት አንገት ይችላል። በተገረበበው በር ስንጥቅ የሚታይ የመኪና ጎማና ጭቃም ይችላል፤ ያን ቀን ከተማይቱን ሳትለብስ አየኋት ብዬ አፈርሁ።

«አሁን ይህን ማን ይገዛል?» ይለኝ ነበር ጋሽ ደምሰው ቁራጩን ወደ ብርሃን አንሥቶ። «ሰው ፎቶ የሚነሣው ፊቱ እንዲታይለት ነው። አንቺ ከኋላው ትዞሪያለሽ፤ እንደ ሌባ!»

«ከኋላው ያቆሙኝ እርስዎ ነዎት» አልሁት።

ጠርዜን ግን አንድም ቀን አልከለከለኝም።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል እናቴ ለጉዞ ወረቀቷ ልትነሣ መጣች። ከቅንድቦቿ በላይ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ነጠብጣብ ጠባሳዎች ነበሯት፤ ልጃገረድ ሳለች የተቆረጡ። ሕፃን ሳለሁ በጣቴ እየነካሁ እተኛባቸው ነበር። ኮቱን ለበሰች። ከጀርባዋ ሆኜ ቆነጠጥሁት፤ ከማንም በላይ ብዙ መቆንጠጫ የፈጀችው እርሷ ናት፤ እንዲህ መክሳቷን እስከዚያች ቀን አላወቅሁም ነበር።

ጋሽ ደምሰው አነሣትና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ።

«አለስልሱኝ» አለችው።

ዞሮ አየኝ። «ልጅሽ እንዲህ ያለው አይጠፋም ብላ አስጠንቅቃኛለች።»

«ግንባሩ የማን ነው? የእርሷ ነው የእኔ?» አለች እናቴ። «ካምፓላ ስገባ የሚያዩት አዋላጅ መሆን አለበት። ይጥፋ።»

ጠፋ። ከኋላ ሆኜ አንድ በአንድ ሲጠፉ አየሁ።

«አሁን የእኔ ተራ ነው» ብዬ ካሜራውን አነሣሁ።

እናቴ አልሰማችኝም። ኮቱን ከአንድ ትከሻዋ አውልቃ፣ መቆንጠጫዎቹ ገና ጀርባዋ ላይ ተንጠልጥለው፣ ዝናቡ ማባራቱን ለማየት ወደ በሩ ዞራ ነበር። ብርሃኑ በግማሽ ፊቷ ላይ አረፈ። አንድ ዓይን፣ ግማሽ ግንባር፣ ከነጠብጣቦቹ። ትንፋሼን ያዝሁና ተጫንሁት።

ወረቀቱ ሲወጣ ስምንት ለስላሳ እናቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው፣ በጠርዙ ላይ አንዲት ግማሽ እናት ቆማ ነበር።

«ይህቺ የደከማት ሴት ደግሞ ማን ናት?» አለች። «ቆርጠው ይጣሏት።»

ጋሽ ደምሰው መቁረጫውን አነሣ። ጠርዙን ቀጥ አድርጎ ቆረጠው። ካርቶኑን ግን አለፈው።

«ይህኛው የልጅቷ ነው» አለ። «ቃል ገብቼላታለሁ።»

ከዚያም፣ ሳልጠይቀው፣ ማሸጊያውን ማሽን አጋለና ቁራጩን ዝናብ እንዳይነካው በፕላስቲክ አሸገልኝ። ያ ሽታ ይህ ነው። በዚያ ዓመት ከአዋቂ ሰው ያገኘሁት ፍትሕም ይኸው ብቻ ነው።

እናቴ የምትሄድበት አውቶቡስ ከካስተም ይነሣል። ጠዋት ነበር፤ የተራገፈ ሽንኩርትና የናፍጣ ሽታ ጭቃው ላይ ተኝቷል። አክስቴ ታለቅሳለች፤ እኔ አላለቀስሁም። ጋሽ ደምሰው ያሸገልኝን ቁራጭ በቀሚሴ ኪስ በጣቴ ይዤዋለሁ። ተሳፋሪው ከገባ በኋላ አንድ ወታደር ወረቀት ሊያይ በሩ ላይ ቆመ። የእናቴን ወረቀት አየ፤ እናቴን አየ፤ ከአውቶቡሱ እንድትወርድ በእጁ ጠራት።

«ዴ ማ ኢታ» አለ፤ ይህ አንቺ አይደለሽም። ጣቱን መጀመሪያ በእናቴ ግንባር፣ ቀጥሎ በፎቶው ላይ አሳረፈ። የእኅትሽን ወረቀት ነው የያዝሽው አላት።

እናቴ አስረዳች። ማለለች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ከውስጥ «ያላ! ተዋት፣ እንሂድ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ወታደሩ አልተበሳጨም፤ ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እዚህ ላይ ትክክለኛ መሆን እፈልጋለሁ። ዝም ብል እናቴ ትቀር ነበር። ካምፓላ አይኖርም፤ አክስቴ ቤት ሦስት ሆነን እንመለሳለን። ይህን ዐውቄው ነበር፤ ልጅ ብሆንም አልሳትሁትም። ነገር ግን ወታደሩ እውነት ነበር የተናገረው፤ ያቺ ሴት እናቴ አልነበረችም። እናቴን ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ ይህን ሊያረጋግጥ የሚችል ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴ ቆሞ ነበር።

ቁራጩን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

ከፊቷ ጎን አስጠግቶ አነጻጸረው። ነጠብጣቦቹን አየ። ያው ኮት፣ ያው ነጭ መጋረጃ መሆኑን በወረቀቱ ላይ ካለው ፎቶ ጋር አስተያየ። ጊዜውን ወሰደ። ከእርሱ ወዲህ ሥራዬን በዚያ ዓይነት ጥንቃቄ ያየልኝ ሰው ብዙ አይደለም።

«ዴ ኢታ» አለ በመጨረሻ። ይህቺ አንቺ ነሽ። ማን እንዳነሣት ጠየቀ፤ እናቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ወታደሩ ካሜራዬን የሚፈልግ ይመስል እጆቼን አየ፤ ባዶ ናቸው።

ቁራጩን ልቀበል እጄን ስዘረጋ እናቴ ቀድማ ያዘችው።

«ድንበሩ ላይ፣ ኒሙሌም ይጠይቁኛል» አለች። «ያለዚህ አያሳልፉኝም፣ ኛማል ልጄ።»

ከቦርሳዋ ከስምንቱ የተረፈችውን አንዷን ለስላሳ አውጥታ በመዳፌ አስቀመጠች፤ ግንባሬን ስማ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስ ቁራጩ አብሯት አልነበረም፤ የት እንዳደረሰችው አልጠየቅኋትም። ለስላሳዋን አክስቴ በዚያው ቀን ከአባቴ ጎን ሰቀለቻት። ሁለቱም የሌላ ሰው ኮት ለብሰው በሩን ያዩ ነበር።

እኔ ወደ ኮንቴይነሩ ሄድሁ።

«ሄደች?» አለኝ ጋሽ ደምሰው።

«ሄደች።»

«ፎቶሽስ?»

«ይዛው ሄደች።»

መቁረጫውን አስቀመጠ። «ካርዱን እኮ ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ካሜራውን ይስጡኝ። ዛሬ ሙሉ ወረቀት ነው የምፈልገው።»

«ስምምነታችን በጠርዙ ነበር።»

«ጠርዙን ወስዳዋለች» አልሁ። «አሁን ሙሉውን።»

ጋሽ ደምሰው ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ በእኔ አንገት አጠለቀው።

ኮቱን ከሚስማሩ አወረድሁ። ያን ዕለት በእናቴ ጀርባ ላይ የነበሩትን ያህል መቆንጠጫዎች ሰብስቤ፣ በእርሷ ልክ፣ በአከርካሪው መስመር ቆነጠጥኋቸው። ጀርባውን ወደ ካሜራው አዙሬ ባዶውን ወንበር አለበስሁት። በሩን ገርበብ አደረግሁ። ብርሃኑ እስኪደርስ ጠበቅሁ፤ ደረሰ፤ ተጫንሁት።

ጋሽ ደምሰው ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። እጁ በልማድ ወደ ማውሱ ሄደና ቆመ።

«የሚለሰልስ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይንኩት» አልሁት።